ሲቀዘቅዝ የሚለካ፣ ሲግል የሚሠራ፦ ስለ ትንንሽ የአውሮፕላን ሞተሮች ፒስተን የተደረገ ንግግር

ይህ ንግግር ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ሞዴል አውሮፕላን የሚያበርሩ ወጣቶች፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና ጥቂት አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያዎች በተገኙበት የቀረበ ነው። አንዳንድ ድግግሞሾችን ከመቀነስ በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።

የተከበራችሁ የሙያ አባቶቼ፣ ባልደረቦቼ፣ ዛሬ የፊት ወንበሮችን ይዛችሁ የማያችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ዝናብ ከሜክሲኮም ከስድስት ኪሎም ተነሥታችሁ፣ የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሠውታችሁ፣ ስለ ፒስተን የሚያወራ ሰው ለመስማት በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ አርባ ደቂቃ ሰጥተውኛል። የቶርኖ ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ እጁን አጣምሮ መቆም አይሆንለትምና፣ እጄ ሥራ እንዳይፈታ እነዚህን ሦስት ዕቃዎች ይዤ መጥቻለሁ።

እዚህ ነጭ ጨርቅ ላይ ያስቀመጥኋቸው ከኋላ ለተቀመጣችሁ የጠርሙስ ቡሽ ይመስሏችሁ ይሆናል። ሦስቱም ፒስተኖች ናቸው፤ ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ እየወጡና እየወረዱ ሞተሩን የሚያዞሩ ማለት ነው። ሦስቱም ለአንድ ሞተር የተሠሩ ናቸው። ሦስቱንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱ ግን ጥፋቶቼ ናቸው። ንግግሬም የእነሱን ተራ ይከተላል፦ በመጀመሪያው ስለ ሙቀት፣ በሁለተኛው ስለ ቅርጽ፣ በሦስተኛው ደግሞ በመጨረሻ ደህና ስለ ወጣው አሠራር እናገራለሁ። ከሁሉ የሚረዝመው ምናልባት ሁለተኛው ነው፤ ከሁሉ በላይ ያሞኘኝ እሱ ስለሆነ ታገሡኝ።

ወደ አዳራሹ ስገባ አንድ ወንድሜ በር ላይ "ይህ ሁሉ ለአሻንጉሊት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቅር አላሰኘኝም፤ መልሱን ግን በቁጥር ልስጥ። የምንነጋገርበት ሞተር 2.5 ሲሲ ነው። የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 15 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 14 ሚሊ ሜትር ነው። በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 200 ጊዜ ይወጣል፣ 200 ጊዜ ይወርዳል። ጫፍ ደርሶ በሚመለስበት ቅጽበት የሚደርስበት ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ 7 ግራም የሚመዝን የጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ፒስተን፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የማያህል ነገር፣ ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር በሚያገናኘው ክንድ፣ በቢየላው፣ ላይ ከ7 ኪሎ በላይ ጉተታ ያሳርፍበታል። 1 ግራም ብትቀንሱለት ከ1 ኪሎ በላይ ሸክም ከቢየላው ላይ አወረዳችሁ ማለት ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ዙር። እንግዲህ ይህን የሚችል ዕቃ አሻንጉሊት ነው?

ደግሞም በዚህችው ከተማ አውሮፕላን ተሠርቶ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚህ የተሠራችውና ወደ ጣሊያን ተወስዳ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመለሰችው "ፀሐይ" አካሏ የእኛ ቢሆንም ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነበር። እኔ የማወራው በጣም ትንሽ ስለሆነ ሞተር ነው፤ ነገር ግን ልቡን እዚሁ፣ በራሳችን ቶርኖ ላይ መሥራት እንችላለን።

ሞተሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሁለት ምት ያለው፣ ካንዴላ የሌለው፣ በተለምዶ ዲዝል የሚባል ዓይነት ነው፤ ይሁን እንጂ ናፍታ አይጠጣም። ምግቡ ኤተር፣ ነጭ ጋዝና የጉሎ ዘይት ሲሆን፣ የጥንቱ ቅልቅል ሦስቱን እኩል በእኩል ማድረግ ነው። ኤተሩ በቀላሉ ይቀጣጠላል፣ ነጭ ጋዙ ጉልበቱን ይሰጣል፣ የጉሎ ዘይቱ ደግሞ ያለሰልሳል። እሳቱን የሚያስነሣው አየሩ ሲጨመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተሮች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብቅ ካሉ ወዲህ በብዙ አገር ተሠርተዋል። ሌላው ቤተሰብ ሜታኖል የሚጠጣውና የፕላቲኒየም ሽቦ ባለው ትንሽ ካንዴላ የሚነሣው ነው። ስለ እሱም በመንገዴ ላይ እናገራለሁ።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። የመኪናችሁ ፒስተን ጋዙን የሚያሽግባቸው ቀለበቶች አሉት። ይህ ግን ቀለበት የለውም። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ነገር ክፍተትና ዘይት ብቻ ነው። ያ ክፍተት ከሰፋ ጋዙ ያመልጣል፤ ከጠበበ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል። ስንት ያህል ነው ብትሉኝ፣ ከ1 ሚሊ ሜትር ሺህ እጅ ጥቂቱን፣ 5 ወይም 6 ያህሉን ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት የዚህን አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሞተር ይሻሻል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጎደለውን ስለ መጨመር ነው፦ ትልቅ ካርቡሬተር፣ ኃይለኛ ነዳጅ፣ ሌላ ፕሮፔለር። ይህን ክፍተት ሳያስተካክል ሌላውን የሚጨምር ሰው ግን በተቀደደ ከረጢት ጤፍ ይሰፍራል።

ወደ መጀመሪያው ፒስተን ልምጣ፤ ይህ የተቧጨረው ነው። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሆኜ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጎረቤታችን ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ መምህር ሞተሩን ገዝቶ አመጣልኝ። ፕሮፔለሩን በጣት ስመታው ምንም የሚቃወም ነገር የለም፤ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም አየሩን የመጭመቅ አቅሙ፣ አልቋል። ይህ ምን ያቅታል አልሁ። ሶማሌ ተራ ሄጄ የተሰበረ የከባድ መኪና ፒስተን ገዛሁና ከወፍራሙ ራሱ ላይ ቆርጬ አዲስ ፒስተን አወጣሁ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ለመቁረጥም የዋህ ነው፣ ያብረቀርቃል። ክፍተቱን 0.01 ሚሊ ሜትር አደረግሁት። ጣቴን ከላይ ደፍኜ ፒስተኑን ስገፋው አየሩ እንደ ምንጭ መልሶ ሲገፋኝ፣ ከእኔ በላይ ባለሙያ ያለ አልመሰለኝም። አለቃችን፣ ጋሼ እንለው የነበረው ሰው፣ አየውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ "አንተ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው የለካኸው?"

ጥያቄው አልገባኝም። ሞተሩ በሁለተኛው ምት ተነሣ፣ ጮኸ፣ አርባ ሰከንድ ያህል ሠራ፣ ከዚያ ድምፁ ወፈረና ነክሶ ቆመ። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ያወጣሁት በመዶሻ ነው።

ጋሼ የጠየቀኝን ዛሬ በሒሳብ ልመልሰው። ፒስተኑ ሥራ ላይ ሆኖ በ200 ዲግሪ፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ነፋስ ስለሚያገኘው በ150 ዲግሪ ከክፍሉ በላይ ጋለ እንበል። የብረት ሲሊንደር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከስፋቱ ሚሊዮን እጅ 12 ያህሉን ይሰፋል፤ ስለዚህ 15 ሚሊ ሜትሩ በ0.027 ይጨምራል። ሲሊኮን የተቀላቀለበት የመኪና ፒስተን አሉሚኒየም ግን ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን እጅ 20 ገደማ ይሰፋል፤ በ200 ዲግሪ 0.060 ይሆናል። ልዩነቱ 0.033 ነው። እኔ የተውሁለት ቦታ 0.01 ነበር! ፒስተኑ ከተሰጠው ቤት በላይ ወፈረ፤ ነከሰ። የሚበቃውን 0.04 ብተውለት ኖሮ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ጋዙ በጎኑ እየሾለከ ጭራሽ አይነሣም ነበር። አሁን ጊዛን እንይ። ጊዛ ከሚሊዮን እጅ 11 ገደማ ነው፤ በ200 ዲግሪ 0.033 ይሰፋል። ከሲሊንደሩ 0.027 ጋር ያለው ልዩነት 0.006 ብቻ ነው። የድሮ ሞተር ሠሪዎች ከባድ ሆኖ ሳለ ጊዛን የመረጡት ወደው እንዳይመስላችሁ። ከዚህም ሌላ ጊዛ በውስጡ ቅጠል ቅጠል የመሰለ ግራፋይት ስላለው ራሱን በራሱ ያለሰልሳል፣ ዘይትም ይይዛል።

"ታዲያ በሜታኖል የሚሠራው የእኔ ሞተር አሉሚኒየም ፒስተን አለው፤ ለምን አይነክስም?" የሚል ወጣት እዚህ መካከል እንዳለ አውቃለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ ሞተር ኤ ቢ ሲ የሚባለው ዓይነት ይሆናል፦ አሉሚኒየም ፒስተን፣ የናስ ሲሊንደር፣ በውስጡ የክሮም ልባስ። የፒስተኑ አሉሚኒየም ሲሊኮን የበዛበት ስለሆነ መስፋፋቱ ወደ 17 ወይም 18 ይወርዳል፤ ናሱ ደግሞ ወደ 19 ነው። ሲግሉ ሲሊንደሩ ከፒስተኑ እኩል ይሰፋለታል። ሲሊንደሩ ወደ ላይ ጫፉ በጥቂቱ የጠበበ ሆኖ ስለሚሠራ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ፕሮፔለሩን በእጃችሁ ስታዞሩት ጫፍ ላይ ይይዛል፣ አንዳንዴም ይጮኻል። ያ ጉድለት አይደለም። ሲግል የሚለቅ ነው። እባካችሁ፣ ደግሜ እባካችሁ፣ "ጠበበ" ብላችሁ ብረት በሚፍቅ ዱቄት አታሻሹት። ሁለት ወጣቶች እንዲህ አድርገው ይዘውልኝ መጥተዋል፤ ለሁለቱም ያልኋቸው "ነፍስ ይማር" ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፒስተን ይኸውላችሁ። ይህ ጊዛ ነው። አያምርም? ብዙ ሰው ከሦስቱ ምረጥ ቢባል ይህን ያነሣል።

ከአሉሚኒየሙ በኋላ የጋሼን ምክር ሰምቼ ጊዛ ፈለግሁ። ምናለሽ ተራ ከወደቁ ብረቶች መካከል የአሮጌ ወፍጮ ፑሊ አገኘሁና እምብርቱን ቆረጥሁት። አሮጌ ጊዛ ለዚህ ሥራ ደግ ነው፤ ዓመታት ስለተቀመጠ በውስጡ የታመቀው ውጥረት በርዷል። በመጀመሪያ ውጭውን ጠረብሁ፣ ቀጥሎ ውስጡን ፈለፈልሁ፣ የግድግዳው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር እስኪቀር። ከዚያም ቀሚሱን፣ ማለትም የፒስተኑን የታችኛውን ክፍል፣ ጫፉን በ4 ሚሊ ሜትር ያህል በማንድሪኖው፣ ማለትም ቶርኖው ላይ ሥራውን በሚይዘው ባለ ሦስት መንጋጋ፣ ያዝሁትና የቀረውን አጠናቀቅሁ። ጠበቅ አድርጌ ነው የያዝሁት፤ እንዳይዞርብኝ ፈርቼ። ጨርሼ ፈታሁት። በማይክሮሜትር ለካሁት፦ እዚህ ጋ፣ ትንሽ አዞርሁት፣ እዚያ ጋ፣ እንደገና አዞርሁት። በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ቁጥር። አንድ ሺህኛ እንኳ አልዛነፈም። ይህን ያህል ክብ ነገር በዕድሜዬ አልሠራሁም ብዬ አመንሁ።

ሞተሩ ግን አልነሣም። ተነሣ ብል እንኳ ሲግል ይጠፋል፣ ከጠፋ በኋላ እንደገና አይነሣም። እንዲያውም ይህን ምልክት ያዙልኝ፦ ቀዝቅዞ የሚነሣ፣ ግሎ የማይነሣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ አያሽግም። ሲቀዘቅዝ የጉሎ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ቀዳዳውን ይደፍንለታል፤ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል። በ12,000 ዙር ላይ ጋዙ ለማምለጥ ጊዜ ስለማያገኝ ሞተሩ የሚሠራ ይመስላል፤ በእጅ ቀስ ብሎ ሲመታ ግን ሁሉም ሾልኮ ይወጣል።

ሦስት ቀን ራሴን በላሁ። ነዳጁን ቀየርሁ፣ ነዳጁን የሚመጥነውን የመርፌ ቫልቭ ፈታሁ፣ የቢየላውን ቀዳዳ ለካሁ። በአራተኛው ቀን ጋሼ መጣና ፒስተኑን ከእጄ ወስዶ ማይክሮሜትሩን ሳይነካ ወደ ብርሃን አዞረው። ቀሚሱ ዙሪያ ሦስት ያበሩ ቦታዎች ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ጥቁር። ከዚያ የቪ ቅርጽ ያለው ብረት አወጣ፣ ፒስተኑን አስተኛበት፣ ከላይ ዳያል ጌጅ፣ ማለትም ጥቃቅን ከፍታና ዝቅታን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ አሳረፈበትና በጣቱ ቀስ ብሎ አዞረው። መርፌው ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስት ጊዜ ወረደ። 0.02 ሚሊ ሜትር!

እንዴት ይሆናል? ማይክሮሜትሩ ዋሸ? አልዋሸም፤ የጠየቅሁትን ነው የመለሰልኝ። ማይክሮሜትር የሚለካው በሁለት ተቃራኒ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ነው። ሦስት ጉብታ ያለው ቅርጽ ግን በአንድ በኩል ጉብታ ሲኖረው፣ በተቃራኒው በኩል ጠፍጣፋ ይሆናል። ጉብታው የጨመረውን ጠፍጣፋው ይቀንሳል። ስለዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ብታዞሩት ስፋቱ አንድ ሆኖ ይነበባል፤ ክብ ግን አይደለም። ክብ ካልሆነ በክብ ሲሊንደር ውስጥ በሦስት ቦታ ይነካል፣ በሦስት ቦታ ያፈስሳል።

ጥፋቱ ከየት መጣ? ከእኔው ፍርሃት። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ግድግዳ በሦስት መንጋጋ ሲጨመቅ በሦስት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባል። የተጨመቀውን ክብ አድርጌ ጠረብሁት። ስፈታው የተጨመቀው ቦታ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰና ወጣ ብሎ ቀረ። ማሽኑ ላይ ሳለ ክብ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ክብ አልነበረም። አሉሚኒየሙ ሙቀት ሲቀይረው አላየሁም፤ ጊዛው ጭምቀት ሲቀይረው አላየሁም። ሁለት ጊዜ የለካሁት፣ ፒስተኑ የሚሠራበት ሁኔታ ላይ ሳይሆን፣ ለእኔ በሚመቸኝ ሁኔታ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ይህኛው በሥራ ብዛት ጠቁሯል፤ ውበት የለውም፤ ግን ለብዙ ዓመታት በርሯል። ከዚያው ከወፍጮ ፑሊ የወጣ ወንድሙ ነው። የተለየው የሥራው ተራ ብቻ ነው።

ፒስተኑን ስቆርጥ በራሱ በኩል ከመጠኑ የሚረዝም ግንድ ተውሁለት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ማንድሪኖው የሚይዘው ያንን ግንድ እንጂ ፒስተኑን አይደለም። ውስጡ በመጀመሪያ ተፈለፈለ። ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው ፒን የሚገባበት ቀዳዳ፣ 4 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ውጭው ገና ወፍራም ሳለ ተበሳና በሪመር ተስተካከለ። ቀዳዳው ከፒስተኑ መሐል መስመር ጋር ትክክለኛ ማዕዘን ካልሠራ ቢየላው ፒስተኑን ወደ አንድ ጎን ይገፋውና ሲሊንደሩን በአንድ በኩል ይበላዋል፤ ስለዚህ በእጅ ትራፓኖ የሚሞከር ነገር አይደለም። ከዚያ እንዲያርፍ ለአንድ ሌሊት ተውሁት፤ ብዙ ብረት ከውስጥ ሲወጣ የቀረው ትንሽ ይቀመጣል፣ ትንሽ ይጣመማል። የውጩ የመጨረሻ ቁርጥ የመጣው በስተመጨረሻ ነው፤ ስል በሆነ መቁረጫ፣ በቀጭን ቁርጥ፣ ያለ ቅባት፤ ጊዛ በደረቁ መቆረጥ ይወዳልና። 0.02 ሚሊ ሜትር ትርፍ ተውሁለት። ያ ትርፍ የቶርኖ ሥራ አይደለም፤ የላፒንግ፣ ማለትም በደቃቅ ዱቄት እያሻሹ ልክ የማምጣት፣ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የመጨረሻውን ቁርጥ እየቆረጥሁ መብራት ሄደብኝ። የአዲስ አበባ ቶርኖ ሠራተኛ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚንቀሳቀሰው እጅ መቁረጫውን ወደ ኋላ የሚስበው ነው። ማሽኑ ቀስ እያለ ሲቆም መቁረጫው ሥራው ላይ ካረፈ ምልክት ይተዋል፤ መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ሊሰበር ይችላል። እኔ በጊዜው ስቤዋለሁ።

ስለ ላፒንግ ትንሽ ላቆያችሁ፤ ሞተሩን ሞተር የሚያደርገው እሱ ነው። በቅድሚያ የሚስተካከለው ሲሊንደሩ ነው፤ ፒስተኑን ለሲሊንደሩ መስፋት ይቀላል፣ ሲሊንደሩን ለፒስተኑ መስፋት ግን ጭንቅ ነው። ከናስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ በቡሎን የሚሰፋ ዘንግ በደቃቅ ዱቄትና በዘይት ተቀብቶ በሲሊንደሩ ውስጥ እየዞረ ይመላለሳል። ለፒስተኑ ደግሞ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ፣ በቡሎን የሚጠብቅ ቀለበት ይሠራለታል። ማሻሻው ከሚሻሸው የለሰለሰ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም የዱቄቱ ቅንጣት የሚቀበረው ለስላሳው ውስጥ ነው፤ እዚያ ተቀብሮ ጠንካራውን ይፍቃል። ከዚህ የተነሣ ፒስተንና ሲሊንደርን በዱቄት ቀብቶ እርስ በእርስ ማሻሸት በሁለቱም ላይ ክፉ ሥራ ነው፤ የተቀበረው ቅንጣት ሞተሩ እየሠራ መፋቁን ይቀጥላል። ጋራዥ ውስጥ ቫልቭ የሚያሻሹበትም ቅባት ለዚህ ሥራ በጣም ሸካራ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ከዚያ እንደገና። ነጭ ጨርቅ ጠርጋችሁበት ጨርቁ ግራጫ ከሆነ አልታጠበም።

ልኩስ እንዴት ይታወቃል? ሁለቱም ንጹሕና ደረቅ ሆነው ፒስተኑን ከታች ስታስገቡት በነጻነት ይገባል፣ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ ቀስ ብሎ ይቆማል። ዘይት ጠብ ስታደርጉበት ደግሞ ከላይ በጣት ደፍናችሁ ስትስቡት "ጧ" ብሎ ይወጣል።

እዚህ ጋ እንደገና ሙቀት መጣብን። ማለዳ ላይ ይህች ከተማ ቀዝቃዛ ናት፤ ቶርኖ ቤቱ 15 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ እጃችን ደግሞ ከ30 በላይ ነው። ፒስተኑን ጨብጠን ስንሠራ 20 ዲግሪ ያህል ካሞቅነው ከ0.003 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። የምንፈልገው ክፍተት 0.005 ወይም 0.006 መሆኑን አስታውሱ። ግማሹን የበላው የገዛ እጃችን ሙቀት ነው ማለት ነው! "ልክ መጣ" ብላችሁ የጨረሳችሁት ፒስተን ከምሳ ስትመለሱ ልል ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ አሁን ፒስተኑንም፣ ሲሊንደሩንም፣ ማይክሮሜትሩንም አንድ የብረት ሳህን ላይ ለግማሽ ሰዓት አብሬ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የምለካው።

ሙሉ በሙሉ የአዲስ አበባ የሆነ አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ ከውጭ በሚመጡ መመሪያ ወረቀቶች ላይ አታገኙትም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተራችሁ በእያንዳንዱ ዙር የሚያገኘው አየር ከመጀመሪያውም አንድ አራተኛ ጎድሎታል፤ ከዚያ በተረፈው ላይ ፒስተኑ የሚያፈስስ ከሆነ ምን ቀረው? ባሕር ዳርቻ ላይ "ይሠራል" የሚባል የተበላ ፒስተን እዚህ አይነሣም። ስለዚህ የመርፌ ቫልቩን ከመመሪያው ይበልጥ ዝጉት፤ ዲዝሉን ከላይ ባለው ቡሎን ትንሽ አጥብቁት። በሜታኖል የሚሠራው ደግሞ ከቴስታታው፣ ማለትም ከሲሊንደሩ ክዳን፣ ሥር ስስ ቀለበቶች ካሉት አንዱን አውጥቶ መሞከር ይቻላል፤ ግን ፒስተኑ ራሱ ቴስታታውን እንዳይነካ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ዞር አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ሞተሩን ለማሻሻል ፒስተኑን ቆርጦ ማሳጠር ይጠቅማል ወይ ብሎ በጽሑፍ ለጠየቀኝ ወጣት ደግሞ አጭር መልስ አለኝ። በሁለት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ጎን ያሉትን ቀዳዳዎች የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭም ነው። ከራሱ ላይ ብትላጭ የጭስ ማውጫው ቀድሞ ይከፈታል፣ ኮምፕሬሽኑም ይወርዳል። መግቢያውን ቀሚሱ በሚከፍትበት ሞተር ላይ ከቀሚሱ ብትቆርጥ መግቢያው ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ይሆናል፤ በከፍተኛ ዙር ሊጠቅም ይችላል፣ በዝቅተኛው ግን ነዳጁን ወደ ካርቡሬተሩ መልሶ ይተፋዋል። በፒስተኑ ራስ ላይ የቆመ ግድግዳ ካየህ ደግሞ ጌጥ አይደለም፤ የሚገባውን አየር ወደ ላይ የሚመራ ነውና ተወው። ክብደት መቀነስ ከፈለግህ ከውስጥ በኩል፣ ከፒኑ መቀመጫዎች ዙሪያ ቀንስ፤ ያም ቢሆን ውጭው ከመጠናቀቁ በፊት።

ይህን ሦስተኛውን ፒስተን መጀመሪያ የሞከርሁት አንድ እሑድ ማለዳ ጃንሜዳ ላይ ነው። አውሮፕላኑ በሁለት ቀጭን ሽቦ ተይዞ በዙሪያዬ የሚበርር ነበር፤ ሽቦው ወደ 16 ሜትር ይሆናል። ጋሼ ጋቢውን ደርቦ ከዳር ቆሟል። በሦስተኛው ምት ተነሣ። ሙሉ ታንክ ነዳጅ ጨረሰና ወረደ። እኔ ደስታዬን ልነግረው ስሮጥ እሱ ምን አለ መሰላችሁ? "ዝም ብለህ አሁኑኑ፣ እንደጋለ አስነሣው" አለኝ። ነዳጅ ጨመርሁ፣ በጣቴ መታሁት። በመጀመሪያው ተነሣ። ጋሼ ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከእሱ ያገኘሁት ሙገሳ ያ ነው።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ አዘጋጁ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ወደዚህ ቅረቡ። ሦስቱንም ፒስተኖች አንሥታችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ የቪ ብረቱና ዳያል ጌጁም እዚህ አሉ፣ ሁለተኛውን ራሳችሁ አዙራችሁ መርፌው ሦስት ጊዜ ሲወጣ እዩት። ሦስተኛውን መለካት የምትፈልጉ ግን በእጃችሁ ካገላበጣችሁት በኋላ መልሳችሁ ሳህኑ ላይ አስቀምጡት፤ ውጭ ሻይ ተዘጋጅቷል፣ ጠጥታችሁ ተመለሱና ያን ጊዜ ለኩት። አመሰግናለሁ።